አሥራ ሁለተኛዋ ቦሎቄ

አሥራ አንድ ነበሩ።

ቆጣሪዋ ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ቦሎቄዎቹን ከግራ ወደ ቀኝ ደረደረቻቸው። አሥራ አንድ። በመዳፏ ሰብስባ እንደገና በተነቻቸውና ከቀኝ ወደ ግራ ቆጠረች። አሥራ አንድ። ባዶውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ገልብጣ ከሥሩ አየችው። በራሷ እጅ፣ በማይለቅ ቀለም «12» ተብሎ ተጽፏል።

ዙሪያዋን ዘጠኝ ሕፃናት አሉ። ትልቁ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ትንሿ ገና ዓመት ከስምንት ወሯ ነው። አንዱ የእንጨት ኩብ በኩብ ላይ ይከምራል፤ አንዷ ከወለሉ እኩል በተለጠፈው መስተዋት ውስጥ ለራሷ ምላሷን ታወጣለች፤ ሁለቱ በአንዲት ባልዲ ይጓተታሉ። ከእነዚህ ከዘጠኙ አንዱ ጋ አንዲት ቦሎቄ አለች። በእጁ ከያዛት ችግር የለም። በአፉ፣ በጆሮው ወይም በአፍንጫው ከሆነ ግን ወደ ውስጥ ከመሳቧ በፊት መገኘት አለባት።

«ፈጣሪዬ፣ የት እንዳለች አሳየኝ» አለች በልቧ። ከዚያም ማንም ልጅ ሾልኮ እንዳይወጣ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ቆጣሪ» የሚለውን ስም ያወጣላት የማቆያው ዘበኛ ነው። «የመብራት ቆጣሪ እንኳ መብራት ሲጠፋ ያርፋል፤ ይቺ ሴትዮ ግን እረፍት የላትም» ብሎ አንድ ጠዋት ቀለደ፤ ስሙም እዚያው ተለጠፈባት። አልከፋትም። እውነት ነበርና።

ወደዚህ የሕፃናት ማቆያ የመጣችው ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት በልብስ አጣቢነት ነበር። አንድ ቀን፣ ልጆቹ ከቀን እንቅልፋቸው ከተነሡ በኋላ፣ ለማጠብ የተረከበቻቸውን ትንንሽ አንሶላዎች ብትቆጥር ከሃያው አንዱ ጎደለ። ወደ ልጆቹ ክፍል ሄዳ ጠየቀች። የዚያን ጊዜዋ ሞግዚት «ለአንድ ብጣሽ አንሶላ ነው እንዲህ የምትሆኚው?» ብላ ሳቀችባት። እሷ ግን ሳቁን ውጣ መፈለጓን ቀጠለች። አንሶላው ፍራሾቹ ከተቆለሉበት ጥግ ኋላ ተገኘ፤ ውስጡ ደግሞ ተጠቅልሎ የተኛ የሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ያ ልጅ መጉደሉን ክፍሉ ውስጥ ማንም አላወቀም። በማግስቱ ከልብስ ማጠቢያው አውጥተው ከልጆቹ ጋር አዋሏት።

ትምህርቷ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን ሊጣል ከተከመረ ወረቀት መሀል ሽፋኑ የተገነጠለ የሕፃናት አስተዳደግ መጽሐፍ አግኝታ ነበርና ጸሎቷን ባደረሰች ቁጥር አንድ አንድ ገጽ እያነበበች በሁለት ዓመት ጨረሰችው። ጨርሳ እንደገና ጀመረችው። ትንሽ ልጅ የሚማረው በጆሮው ከሚሰማው ምክር ይልቅ በእጁ በሚጨብጠውና በሚያንኳኳው ነገር መሆኑን ከዚያ አወቀች። ያወቀችውን ወደ ሥራ ለመለወጥ ገንዘብ ስላልነበረ ከሚጣል ዕቃ መጫወቻ መሥራት ያዘች።

ልጆቹ «ቸክቸክ» የሚሏቸው ስድስት ጠርሙሶች ከነዚያ መካከል ናቸው። በመጀመሪያው ውስጥ ሁለት ቦሎቄ፣ በሁለተኛው አራት፣ በሦስተኛው ስድስት፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ሁለት። ሲነቀነቁ ድምፃቸው ይለያያል፤ ልጆቹም ቁጥር ሳያውቁ ጥቂቱንና ብዙውን በጆሮ ይለያሉ። ጠርሙሱ በሙጫ ይታሸጋል፣ በላዩ ፕላስተር ይዞርበታል፣ ከሥሩ ቁጥሩ ይጻፋል። ሕጓ ይህ ነበር፤ በዘጠኝ ዓመት አንዴም አላዛነፈችውም። ትናንትና ግን አዛነፈች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጠርሙሶቹ ውስጥ ዱቄት አየች፤ ቦሎቄውን ነቀዝ በልቶታል። ሁሉንም ከፈተች፣ ደፋች፣ በአዲስ ቦሎቄ ተካች። አምስቱን አሽጋ ስድስተኛው ላይ ሙጫው አለቀ። ፕላስተሩን ብቻ ጠቅልላ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችው፤ ነገ ሙጫ ሲመጣ አሽገዋለሁ ብላ። በዚያው ቅጽበት አንድ ልጅ ሱሪው ላይ አመለጠው፤ ልታጥበው ይዛው ሄደች። ለማንም አልተናገረችም።

በሩ ተንኳኳ።

«አንቺ ቆጣሪ! በሩን ምን ዘጋሽው? ባልዲ ይዤ እኮ ነው የቆምኩት!» የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች፤ እኩያዋና የምሳ ጓደኛዋ።

«ግቢ። ቶሎ ዝጊው። ቁም ሳጥኑ ላይ የነበረውን ቸክቸክ ማን አወረደው?»

«እኔ ነኛ። አምስቱ መደርደሪያ ላይ፣ አንዱ ብቻውን ሰማይ ላይ። ዛሬ ማቆያውን የምታየው የመንግሥት ገምጋሚ ስትመጣ ጥርሱ የወለቀ አፍ እንዳይመስልብን ብዬ ስድስት አደረግኳቸው። ምነው?»

«ሙጫ አልነበረውም።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አስቀመጠች። «ወይኔ» አለች። «ስንት ጎደለ?»

«አንዲት።»

«ወይኔ ጉዴ! እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ...»

«አንቺ ምን አጠፋሽ? አልነገርኩሽም። የኔ ጥፋት ነው። አሁን እንፈልግ፤ ለቅሶው ይደርሳል።»

ምንጣፉን አነሡት። የኩቡን ሣጥን ገለበጡ። የጽዳት ሠራተኛዋ የጠረገችውን አቧራ በጣቶቿ መሀል አበጠረችው። ዘጠኙን ጥንድ ጫማ አንድ በአንድ አራገፉ፤ የሱሪ ጠርዝ ገለበጡ፤ ዳይፐር ፈቱ፤ ፖፖዎቹን አዩ። ምንም የለም። ቆጣሪዋ ወለሉ መሀል ቁጭ አለችና አፏን እስከ ጥግ ከፈተች።

«ማነው እንደ አንበሳ የሚያዛጋ?»

ጨዋታውን ያውቁታል። ዘጠኙም ጮኹ፤ እሷም በእያንዳንዱ አፍ ውስጥ፣ ከምላሱ ሥርና ከጉንጩ ኋላ ተመለከተች። ሁሉም ከፈቱ፤ ከአንዱ በስተቀር።

እዚህ ክፍል እያንዳንዱ ልጅ ቦርሳውን የሚሰቅልበት ማንጠልጠያ አለው፤ ከበላዩም ልጁ የራሱን እንዲያውቅ ሥዕል ተለጥፏል። ከጊዜ ብዛት ሠራተኞቹ ልጆቹን በሥዕላቸው መጥራት ለምደዋል። አፉን ያልከፈተው ኳስ ነበር፤ ያገኘውን ሁሉ ከመዳሰሱ በፊት የሚቀምስ ድንቡሼ። ጉንጩ አብጧል። ከንፈሩንም ገጥሟል።

«ኳስዬ፣ አንበሳው የት ሄደ?»

ራሱን ነቀነቀ። የጽዳት ሠራተኛዋ እጇን ወደ ደረቷ ወሰደች። ቆጣሪዋ ፊቱ ላይ አስቂኝ ነገር እንዳየች ሁሉ ፈገግ አለችና በአውራ ጣቷ አገጩን ቀስ አድርጋ ጎተተች። ከጠዋቱ መክሰስ የተረፈ፣ የላመ ሙዝ ከጉንጩ ወደቀ።

«አንተ!» አለች የጽዳት ሠራተኛዋ። «ልቤን ልታቆማት ነበር እኮ፤ ለሙዝ!»

ያን ጊዜ ዳይሬክተሯ ገባች። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች፣ በሥራዋ የማትቀልድ ሴት ናት። ከቆጣሪዋ ጋር ሁልጊዜ «እርስዎ» ይባባላሉ፤ አንዷ ለዕድሜ፣ አንዷ ለሥልጣን።

«እትዬ፣ ምንድነው ይህ ሁሉ መገለባበጥ? ገምጋሚዋ በር ላይ ናት።»

ቆጣሪዋ ነገረቻት። ሳትቀንስ፣ ሳትጨምር።

ዳይሬክተሯ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ምናልባት ያስገቡት አሥራ አንድ ይሆናል።»

«ጽፌበታለሁ።»

«ሰው እኮ ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል። ጠርሙሱን ሳላሽግ መተዌ ስሕተት ነው። ቆጠራዬ ላይ ግን አልተሳሳትኩም።»

በዚህ መካከል ባቡር ቀሚሷን እየጎተተች መጣች። ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ ቀድማ አፍ የፈታች፣ ሁሉን የምታዝ ልጅ ናት። ዳይሬክተሯ ጎንበስ አለች።

«ባቡርዬ፣ ቦሎቄዋን አይተሻል? ማን ወሰዳት?»

«በላኋት» አለች ባቡር።

ሦስቱ ሴቶች ተያዩ።

«በላሻት? ዋጥሻት?»

«አዎ።»

ዳይሬክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች። «ይኸው! ከዋጠቻት በሆዷ በኩል ትወጣለች፤ ምንም አትሆንም። ዛሬ ማታ ለእናቷ እነግራታለሁ። አሁን ክፍሉን እናስተካክል።»

ቆጣሪዋ ግን ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች። «አልበላሻትም፣ አይደል?»

«አዎ» አለች ባቡር በዚያው እርግጠኝነት።

«ማን በላት ታዲያ?»

«ውሻ።»

«የቱ ውሻ?»

ባቡር ትንሽ አሰበችና የዳይሬክተሯን ጫማ አመለከተች። ሌላ ቀን ቢሆን የጽዳት ሠራተኛዋ በሳቅ ትፈነዳ ነበር። ዛሬ ግን አንገቷን ደፋች።

«እትዬ» አለች ዳይሬክተሯ፤ ድምፅዋ ውስጥ ልመና ነበረበት። «የምስክር ወረቀት እንደሌለዎት ገምጋሚዋ ታውቃለች። ልታይ የመጣችውም ዋናው እሱን ነው። አሁን ቦሎቄ ጠፋብኝ ካሉ ዛሬ የመጨረሻ ቀንዎ ነው፤ እኔም ላድንዎት አልችልም። ልጅቷ በላሁ ብላለች። አንድ ሰዓት ብቻ ይታገሡ።»

ቆጣሪዋ ዘጠኙን ማንጠልጠያዎች ተመለከተች። በየጠዋቱ ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ከነዚያ ሥዕሎች ፊት ቆማ የዘጠኙንም ስም እየጠራች ትጸልያለች። ማንንም ሳትዘል። «ደረቅ ቦሎቄ እርጥበት ካገኘች ታብጣለች» አለች። «አንድ ሰዓት የላትም።»

ገምጋሚዋ ገባች። አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ ክሊፕ ያለው ሰሌዳ የያዘች ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ ከልጆቹ ወንበሮች አንዱ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። «እኔ የለሁም ብላችሁ አስቡ» አለች። «ሥራችሁን ቀጥሉ።»

ዳይሬክተሯ የቀለም ኩቦቹን በዓይኗ ጠቆመች። ለገምጋሚዋ ሊታይ የተዘጋጀው የኩቡ ጨዋታ ነበር። ቆጣሪዋ ግን ከመሳቢያው የላባ ከረጢቷን አወጣች።

ላባ ማብረር የጉንፋን ወራት ጨዋታ ነው። ትንሽ ልጅ ተናፈጥ ሲሉት ወደ ውስጥ ይስባል፤ ወደ ውጭ መንፋት መማር አለበት። ስለዚህ መዳፏ ላይ አንዲት ቀላል ነጭ ላባ ታኖርና አፋቸውን ዘግተው በአፍንጫቸው ብቻ እንዲያበሯት ታደርጋለች። በሁለት ወር ውስጥ ዘጠኙም ችለውታል። ዛሬ ግን አንድ ነገር ጨመረች። አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ በጣቷ ጫፍ እየዘጋች በሌላው ብቻ ታስነፋቸው ጀመር።

«ባቡር፣ ነይ። እፍፍፍ!»

በቀኝ በረረች። በግራም በረረች። «ድገሚ!» አለች ባቡር፤ ልጆቹ ከዚህ ጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ የሚሉት ይህንኑ ነው።

ዓሣ፤ በቀኝ፣ በግራ። ኮከብ፤ በቀኝ፣ በግራ። ኳስ በግራ ሲነፋ አስነጠሰው፤ ላባዋ ከነንፍጡ የገምጋሚዋ ሰሌዳ ላይ አረፈች። ገምጋሚዋ በመሐረብ ጠረገችው። ወፍ። ጫማ። ላባዋ ሳይነፉባት እንዳትወድቅ ቆጣሪዋ ክንዷን ጉልበቷ ላይ አስደገፈች። አበባ። ሁለቱም ክፍት ናቸው። ሁለት ልጆች ቀሩ።

«ጃንጥላዬ፣ ተራህ ነው።»

ጃንጥላ ቀስ ብሎ መጣ። የማያስቸግር፣ ማዕዘን ይዞ ብቻውን የሚጫወት፣ ሁለት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ልጅ ነው። ማንም እሱን አልጠረጠረም። በቀኝ ነፋ፤ ላባዋ በረረች። ቆጣሪዋ ቀኙን ዘጋችና መዳፏን አቀረበች።

ነፋ። ላባዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«እንደገና፣ የኔ ጌታ። እፍ!»

ፊቱ ቀላ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ላባዋ መዳፏ ላይ እንደተኛች ናት። ከዚያም ልጁ ትንፋሽ አጥሮት አየር በአፍንጫው ወደ ውስጥ ሊስብ ሲል ቆጣሪዋ ጣቷን አንሥታ ቶሎ አፏን ከፈተች።

«በቃ! አሁን ዓሣ እንሁን። አፍ ክፍት፣ እንዲህ፤ ሃ፣ ሃ፣ ሃ።»

አስመሰላት። በአፉ መተንፈስ ጀመረ። የመጨረሻዋን ልጅ፣ ጨረቃን፣ በሌላ እጇ አስነፋቻት፤ ሁለቱም ክፍት። ከዚያ በኋላ ነው ጃንጥላን ቀጥ አድርጋ አቅፋ የተነሣችው።

«እመቤት» አለች ለገምጋሚዋ። «በዚህ ልጅ ግራ አፍንጫ ውስጥ ቦሎቄ አለ። ከመጫወቻዬ የወጣ ነው። ያላሸግኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ጋ መድረስ አለብኝ።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ሮጣ ወረንጦ አመጣች።

«አይሆንም» አለች ቆጣሪዋ። «ቦሎቄ ያዳልጣል። ወደ ውስጥ እንገፋዋለን።»

ዳይሬክተሯ ስልኳን ይዛ ቆማለች። ቆጣሪዋ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» አለቻት፤ ሁለቱም አላስተዋሉትም። «ለእናቱ ደውዪ። ስምንቱን ጠብቂልኝ።»

ገምጋሚዋ ጫማዋን ሳታስር ተነሥታ ነበር። «መኪናዬ ደጅ ነው» አለች።

መኪናው ውስጥ ቆጣሪዋ ልጁን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። እንዳይተኛ፣ እንዳያለቅስ፣ ብዙም እንዳይስቅ። ልጅ ሲያለቅስም ሲስቅም በአፍንጫው ይስባል። «ዓሣው ምን ያያል? ቀይ መኪና ያያል። ሃ፣ ሃ» ትለዋለች በለሆሳስ፤ በውስጧ ግን ሌላ ቃል አልነበራትም፤ ማረኝ፣ ማረኝ፣ ማረኝ ብቻ።

መብራት ያዛቸው። ገምጋሚዋ መሪውን በጣቶቿ እየመታች ቀዩ መብራት ላይ ታፈጣለች።

«የምስክር ወረቀት የለሽም፣ አይደል?» አለች ሳትዞር።

«የለኝም።»

«ይህን የላባ ነገር ማን አስተማረሽ?»

«ሽፋን የሌለው መጽሐፍ። የቀረውን ደግሞ ልጆቹ።»

መብራቱ ለቀቃቸው።

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ እናትየው ቀድማ ደርሳለች። በአቅራቢያው ልብስ መተኮሻ ቤት ነው የምትሠራው፤ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም፤ ከሩጫው ብዛት ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ልጇን ስታይ ዘልላ ከቆጣሪዋ እቅፍ ወሰደችው።

«ልጄን ምን አደረጋችሁት?»

«ቦሎቄ ነው። አፍንጫው ውስጥ ገብታለች። መጫወቻውን ሳላሽግ የተውኩት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?» እናትየው ዓይኗን አፈጠጠች። «ሁሉን ትቆጥራለች፣ ለሷ አደራ ስጪ እያሉ ያሞካሹሽ አንቺ? እስቲ ቁጠሪልኛ! ስንት ልጅ ያለኝ ይመስልሻል? አንድ! አንድ ብቻ ነው ያለኝ!»

ጃንጥላ የእናቱን ጩኸት ሲሰማ ታችኛው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ቆጣሪዋ ቀረብ አለችና ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ብትሰድቢኝ ይገባኛል» አለች። «ስድቡን ሁሉ ስድስት ሰዓትም፣ ሰባት ሰዓትም ሙሉ ቆሜ እሰማሻለሁ። አሁን ግን ካለቀስሽ ያለቅሳል። ካለቀሰ ወደ ውስጥ ይስባታል። እባክሽ እህቴ።»

እናትየው ከንፈሯን ነከሰች። እንባዋ ግን በጉንጯ ይወርዳል።

ነርሷ በትንሽ ባትሪ አየችው። «አለች» አለች። «አብጣለች፣ ግን ገና ከፊት ናት። በመሣሪያ ልጎትታት እችላለሁ፤ ግን ሦስት ሰው ይዞት ይታገላል፣ ትገባብናለች ብዬ እፈራለሁ። መጀመሪያ ሌላ ነገር እንሞክር። እናት፣ ቁጭ በይ። አፍሽን አፉ ላይ ትገጥሚያለሽ፤ እኔ ቀኙን አፍንጫ እዘጋለሁ፤ አንዴ ብቻ፣ አጠር አድርገሽ፣ በኃይል ትተነፍሺበታለሽ። ትንፋሽሽ በአፉ ገብቶ በግራ አፍንጫው ይወጣል፤ ቦሎቄዋን ይዟት ይወጣል።»

«እኔ?»

«የማያውቀው ሰው አፉን ቢገጥምበት ይጮሃል። አንቺን ያውቅሻል።»

እናትየው ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አፏን ስትገጥም ጃንጥላ ኩርፍ ብሎ ፊቱን አዞረ። ሁለተኛ ጊዜ ገጥማ ነፋች፤ ከሩጫው የተረፋት ትንፋሽ ግን ሻማ እንኳ አያጠፋም። ነርሷ ሰዓቷን አየች።

«ትንፋሽ የለኝም» አለች እናትየው። «የለኝም፣ አልችልም።»

ቆጣሪዋ ከፊቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ በየቀኑ ምንጣፉ ላይ እንደምትቀመጠው። ከኪሷ አንዲት ላባ አወጣች። ሳታስበው ይዛት መጥታ ነበር።

«ጃንጥላዬ» አለች። «ዛሬ እማማ ናት ላባ የምታበረው። አታውቅበትም፤ እናስተምራት?»

ልጁ ላባዋን አየ። እናቱን አየ። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ከኔ ጋር ተንፍሺ። ወደ ውስጥ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቀስ ብለሽ ወደ ውጭ። እንደገና። አንድ፣ ሁለት...» ቆጠረችላት። የእናትየው ትከሻ ቀስ በቀስ ወረደ። «አሁን ሙሉውን ሳቢ። ነርስ፣ ዝጊው። ጃንጥላዬ፣ እማማን ሳማት። እፍ!»

አጭር፣ ጠንካራ ትንፋሽ። ጥ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ቦሎቄዋ የእናትየው ጉንጭ ላይ ተለጥፋ ነበር፤ ያበጠች፣ ቆዳዋ የተሸበሸበ፣ ከነንፍጧ። ከዚያም ጃንጥላ የእናቱን ፊት አይቶ በሳቅ ተንከተከተ።

«ድገሚ!» አለ።

እናትየው ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ነርሷ ሁለቱንም የአፍንጫውን ቀዳዳዎች ደግማ አየች፤ ክፍት ናቸው። ቆጣሪዋ ቦሎቄዋን በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። «አሥራ ሁለት» አለች፤ ከዚያም ወንበር ላይ ዝርፍጥ አለች። አመሰግንሃለሁ ልትል ፈልጋ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። የምታመሰግነው ፈጣሪ ቃሏን ሳትጨርስ እንደሚሰማት ታውቃለች።

ያን ዓርብ ማታ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ ሲመጡ፣ ቆጣሪዋ በር ላይ ቆማ ለስምንቱም ቤተሰብ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረች። ንገሪ ያላት አልነበረም። አንድ አባት ተቆጣ፤ አንዲት አያት አቀፈቻት፤ የባቡር እናት «የኔዋ ምን አለች?» ብላ ጠየቀችና «ውሻ በላት» ሲሏት በሐፍረት ሳቀች።

ዳይሬክተሯ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈችላት። ከቆጣሪዋ ፊት ስታኖረው ዓይኗን አላነሣችም። «ገምጋሚዋ ቸክቸኮቹ በሙጫ ታሽገው ሁለት ሰው ፈርሞባቸው ካልሆነ መደርደሪያ ላይ አይውጡ ብላለች። ስለ ምስክር ወረቀቱ ደግሞ የስድስት ወር ኮርስ አለ፤ አስመዝግቧት ብላ ጽፋለች።» የደብዳቤውን ጠርዝ አስተካከለች። «እትዬ፣ እኔ እኮ ዝም እንድንል ነበር የፈለግኩት።»

«አውቃለሁ» አለች ቆጣሪዋ። «እኔም ለአፍታ ፈልጌ ነበር።» ደብዳቤውን አንብባ ፈረመችው። ሲያንሳት ነው እንጂ አይበዛባትም ብላ አመነች።

ከደብዳቤው ይልቅ ያስጨነቃት ሰኞ ጠዋት ነበር። እናትየው ከጤና ጣቢያው ልጇን አቅፋ ወጥታ ቀጥታ ቤቷ ነው የሄደችው፤ ልጁን መልሳ ታምጣው አታምጣው አልታወቀም።

ሰኞ ቆጣሪዋ ከሥዕሎቹ ፊት ቆማ ዘጠኝ ስም ጠርታ ጸለየች። ልጆቹ መምጣት ጀመሩ። ዓሣ፣ ኮከብ፣ ኳስ ከነብስኩቱ። ባቡር ከበር ጀምራ ዘበኛውን እያዘዘች። በሦስት ሰዓት ስምንት ቦርሳ ተሰቅሏል። የጃንጥላው ማንጠልጠያ ባዶ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ገባ ስትል አየችውና ተመልሳ ወጣች። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ቆጣሪዋ ኩቦቹን አወጣች፣ እጇ ግን መደርደር ተሳነው። ተመስገን፣ ደህና ነው፤ እቤቱ ነው፤ እሱ ይበቃኛል አለች ለራሷ። አልበቃትም።

በሩ ተንኳኳ።

እናትየው ሽርጧን ለብሳለች። ፊቷ አልፈታም። ጃንጥላን ወለሉ ላይ አቆመችው፤ እሱም ቀጥታ ሄዶ ቦርሳውን ከሥዕሉ ሥር ለመስቀል መንጠራራት ጀመረ።

«ቅዳሜም እሑድም ላባ ሲያስነፋኝ ነው የከረመው» አለች እናትየው። «ድገሚ፣ ድገሚ፣ ድገሚ። ሳንባዬ ወጣ። ከሥራም አረፈድኩ።» ለመሄድ ዞረችና ቆመች። «ስድቤን ስድስት ሰዓት ሙሉ እሰማለሁ ብለሽኝ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«ዛሬ ጊዜ የለኝም። ሌላ ቀን» አለች፤ የከንፈሯ ጫፍም ትንሽ ተነሣ።

በሩ ተዘጋ። ቆጣሪዋ ወደ ክፍሉ ዞረችና በጣቷ እያመለከተች ከግራ ወደ ቀኝ ቆጠረች። ዘጠኝ። ትንሽ ቆየችና እንደገና ከቀኝ ወደ ግራ ቆጠረች።